በወረቀት ላይ አጎትህ

ሶልጎል፣ በሁለተኛው የጨረቃ ወር፣ ሩዙ ሳይዘራ (እ.ኤ.አ. 1985)

ለወንድሜ ልጅ ለናም ሶክቴ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። የትልቁ ቤት ጣሪያ እንደቆመ ነው፤ እናትህ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ እኔም እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሚስትህና ልጅህ ደህና ይሁኑ። አያቶችህ ባሉበት ሆነው በዚያ በረዶ አገር ጀርባህን ይጠብቁልህ። ጽሕፈቴ ቢንቀጠቀጥ ብዕሩ ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ነገር አታስብ። ትንሿ እናትህ አመድ ላይ እየጻፈች ካስተማረችኝ ፊደል በላይም አላውቅም።

«ካናዳ ይምጡና አብረን እንኑር» ያልክበት ደብዳቤ ደርሶኛል። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለእናትህ አነበብኩት። እናትህ «ይሂዱ እንጂ ዋርሳዬ፣ እዚህ ማንን ይጠብቃሉ? ዶሮዎቹን?» አሉኝ። ለእሳቸው መልስ አልሰጠሁም። ለአንተ ግን እሺ ብያለሁ። አንድ ጊዜ ነው የምለው፣ እንዳታስደጋግመኝ። ሚስቴ፣ ትንሿ እናትህ፣ ካረፈች ወዲህ ለአንድ ሰው ብቻ ሩዝ መቀቀል አልሆነልኝም። ሁልጊዜ ይተርፋል።

የጠየቅኸኝን ወረቀት ለማውጣት ነጩን ካባዬን ለብሼ በማለዳው አውቶቡስ ወረዳ ሄድኩ። ጸሐፊው የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ነው፣ የትናንት ሕፃን። መዝገቡን ገላለጠና «አባባ፣ ሶክቴ የሚባል ልጅ እርስዎ መዝገብ ላይ የለም» አለኝ።

«እዚህማ የለም፣ ካናዳ ነው» አልኩት።

«በወረቀት ማለቴ ነው። በወረቀት የታላቅ ወንድምዎ የዶክማን ልጅ ነው። እርስዎ አጎቱ ነዎት።»

«እሱንማ ያስመዘገብኩት እኔው ነኝ፣ አንተ ሳትወለድ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ?»

«የሁለታችንንም ቤት መዝገብ ገልብጥልኝ። የቀረውን የሚተረጉመው ሰው ይጨርሰዋል።»

ገልብጦ ማኅተም መታበት። ሁለቱንም ልኬልሃለሁ። አሁን ለተርጓሚው የምልህን ንገረውና በነጮቹ ቋንቋ ይጻፈው። የናም ቤት ታላቁ ልጅ ዶክማን በጦርነቱ ጊዜ ለወታደሮች ጭነት እንዲሸከም ከእርሻው ላይ ተወሰደ፣ አልተመለሰም። ልጅ አልነበረውም። የታላቅ ወንድም ቤት በሙታን መታሰቢያ ቀን መጠጥ አፍስሶ የሚሰግድ ወንድ ልጅ ካጣ ያ ቤት ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ታናሹ ዶክቺል የበኩር ልጁን፣ የአራት ዓመቱን ሶክቴን፣ እጁን ይዞ ግቢውን አሻገረና ለወንድሙ ሚስት ሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ እሳቸውን «እናቴ» ይላል፤ ወላጁን ደግሞ «ትንሹ አባቴ» ይላል፤ በእኛ አገር የአባት ታናሽ ወንድም የሚጠራው እንደዚያ ነው። ማንም አላለቀሰም። ትንሿ እናትህ ያን ቀን እሳት ሳታነድ መዋሏን ግን አይጻፈው።

ይህን ሶልጎል ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ውሾቹም ያውቁታል። ተርጓሚው ጠርዙ ላይ «አገር ያወቀው ነው» ብሎ ይጨምርበት። ከተጠራጠረም ጆሮህን ይመልከት፣ የእኔ ጆሮ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ትንሹ አባትህ ናም ዶክቺል፣ በገዛ እጄ


ቶሮንቶ፣ ግንቦት 1985

ለተከበሩ ለትንሹ አባቴ፣

ከሩቅ ሆኜ ግንባሬን መሬት አስነክቼ እጅ እነሳለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? የክረምቱ ብርድ አልጎዳዎትም ወይ? የትንሿ እናቴን መቃብር ሣር ማን እያጨደላት ነው? እኛ ደህና ነን። ሱቁ እንደ ወትሮው ነው፤ ሚስቴ ቀን ትቆማለች፣ እኔ ማታ እቆማለሁ። «እሺ» ያሉበትን መስመር ለሚስቴ ሳነብላት ወዲያው ተነስታ የጓዳውን ክፍል ትጠርግ ጀመር።

ወረቀቶቹን ይዤ አቶ ፒዮ ዘንድ ሄድኩ። አቶ ፒዮ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚህ ከአንድ ልብስ ንጽሕና ቤት በላይ ባለች ክፍል ተቀምጠው የእኛን ሰው ልደትና ጋብቻ ሁሉ እሳቸው ናቸው የሚተረጉሙት። ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ዘርግተው ብዙ አዩት።

«ልጄ፣ ይህ ሰው አጎትህ ናቸው» አሉኝ።

«ወላጅ አባቴ ናቸው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። የተጻፈውን ነው የምነግርህ።»

እርስዎ ያሉኝን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ግቢውንም፣ ጆሮውንም። ጆሮዬን አዩና «እውነትም አያንስም» ብለው ሳቁ። ከዚያ እኔ ራሴን ዝቅ አደረግሁ፣ ትንሹ አባቴ። «እዚህ አገር መዝገቡ የተጻፈበትን የቻይና ፊደል የሚያነብ የለም፤ እዚያች አንድ ቦታ ላይ ብቻ አባት ብለው ቢጽፉልኝ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ከሥሩ ምዬ እፈርምበታለሁ። ላንተ ብዬ አንዴ ከዋሸሁ እስከ ዛሬ የጻፍኩት የሰው ሁሉ ወረቀት ውሸት ይሆናል» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ተቀይሜአቸው ነበር፣ አልፏል።

እንደተጻፈው ተረጎሙት፣ አስገባሁት። ጉዳዩን የያዘችው ሴት አጎት በዚህ መንገድ አይመጣም አለችኝ። ወላጄ መሆናቸውን በሌላ መንገድ ባረጋግጥስ ብላት፣ በሕግ ለሌላ ቤት የተሰጠ ልጅ የሰጪው ልጅ ሆኖ አይቆጠርም አለች። የሚገርመው፣ እናቴን ነገ ማስመጣት እችላለሁ። እሳቸው ግን ባለቤቴ የሚመለስበትን በር ትቼ የትም አልሄድም እንደሚሉ ያውቃሉ። መምጣት የሚችሉት አይመጡም፣ እመጣለሁ ያሉት አይችሉም።

አንድ መንገድ አለ። እዚያ ፍርድ ቤት ያ መሰጠት እንዲፈርስ ማመልከት ነው። የእናቴና የእርስዎ የግል ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ይበቃል። ወረቀት ብቻ ነው፣ ትንሹ አባቴ። በወረቀት ስለፈረሰ የእናቴ ልጅነቴ አይቀርም። ሌላው ቀላል ነው፤ ከተማ ሆስፒታል ሄደው የደረት ራጅ ይነሡና ይላኩልኝ፤ ከሁሉም ሰው የሚጠየቅ ነው።

ሶክቴ


ሶልጎል፣ በስምንተኛው የጨረቃ ወር፣ ከመኸር በዓል ማግስት

ለወንድሜ ልጅ ለሶክቴ፣

የበዓሉ ጨረቃ በአንተም መስኮት ወጥታ ከሆነ ሰላም ለአንተና ለቤትህ። የሁሉንም መቃብር ሣር አጭጃለሁ። አንተ ስለሌለህ በአንተ ቦታ ቆሜ ሰግጃለሁ፤ ደንብ ባይሆንም ሙታኑ ይረዱታል። የጋሙ ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፍርቷል፤ እናትህ ፍሬውን እየላጡ በክር እየሰቀሉት ነው፣ በረንዳቸው ሁሉ ቀይ ሆኗል። በላክኸው ገንዘብ የትልቁን ቤት ጣሪያ አስጠገንኩ። ለእኔ ቤት አትላክ። ለእኔ ጣሪያ እኔ አለሁ።

ደብዳቤህ በዝናቡ ወራት ነበር የደረሰኝ። መልሱ የዘገየው ሥራ ስለበዛብኝ ነው።

ስለ ማኅተሙ። አልተደረገም፣ አይደረግምም።

ወረቀት ብቻ ነው ትላለህ። ከእኔ የወሰደህ ወረቀት አይደለም፣ በእጄ ነው የሰጠሁህ። ወንድሜ በመሸከሚያው ላይ የጥይት ሣጥን ጭነውበት ያንን ተራራ ሲወጣ ዞሮ አየኝና «ቤቱን» አለኝ። ቤቱን አደራ ሊል ነበር፣ ወታደሩ ገፋውና ሳይጨርሰው ቀረ። እኔ ጨረስኩለት። አሁን በስድሳ ሰባት ዓመቴ ካናዳ ሄጄ ነጭ ዳቦ ልብላ ብዬ መልሼ ላፈርስበት? ወንድምህ፣ ከአንተ በኋላ የተወለደው፣ በኩፍኝ የሄደ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሶክቴን መልስ አለኝ። ትንሿ እናትህ አላለችም፣ ግን ግቢውን ማየት ትታ ነበር። ያን ጊዜ ያልመለስኩህን አሁን?

ተርጓሚህን ወድጄዋለሁ። ስሜን ሳያጣምም በባዕድ ቋንቋ ስለጻፈልኝ አመስግንልኝ። አጎት ብሎ ከጻፈ አጎት ነኝ።

እናትህ ይህን ነገር አያውቁም። ፊደል ስለማይለዩ ደብዳቤህን እንደ ወትሮው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ማኅተሙ ጋ ስደርስ ዘለልኩት። «የዛሬው ደብዳቤ አጠረ» አሉ። «የፖስታ ዋጋ ጨምሮ ይሆናል» አልኳቸው። አንተም ሁለተኛ እንዳትጽፈው።

ትንሹ አባትህ ዶክቺል


ቶሮንቶ፣ ኅዳር 1985

ለተከበሩ ለትንሹ አባቴ፣

እጅ እነሳለሁ። በረዶው ጀምሯል፤ ጠዋት የሱቁን በር የምከፍተው አካፋ ይዤ ነው። ጤናዎን አልጻፉልኝም። ራጁን አልጻፉልኝም።

እንዳሉኝ ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ እርስዎ ከቤትዎ ጓሮ ተቀምጠው የገለባ ገመድ ይገምዱ ነበር። መጥቼ ከኋላዎ ቆምኩና «አባቴ» አልኩዎ። አምልጦኝ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ስዘጋጅበት ነው የዋልኩት። ቀና አላሉም። እጅዎ አልቆመም። ትንሽ ቆሜ ግቢውን ተሻግሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ጠርቼዎ አላውቅም። ሰምተውኝ ነበር?

ወንድምዎ ቤቱን አደራ አሉ፣ እርስዎ ሰጡ፣ እናቴ ተቀበሉ። የአራት ዓመቱን ልጅ የጠየቀው የለም። እኔ ማኅተም አልነበረኝም።

ልጄ ኢንሶ ትምህርት ቤት ቤተሰባችሁን ሣሉ ተብሎ ሁለት ወንድ አያቶች ሣለ። አንደኛው ፊት የለውም። «ይሄኛውስ?» አልኩት። «ይሄ ጦርነት ላይ የጠፋው ነው፣ ፊቱን አላውቀውም። ያኛው ይመጣል ያልከኝ ነው» አለኝ። ያኛው ጆሮው ከትከሻው ይሰፋል።

ይቆጡኛል፣ አውቃለሁ። ወረቀቱን አስጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ማኅተም የሚያርፍባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ በእርሳስ ክብ አድርጌባቸዋለሁ።

ሶክቴ


ሶልጎል፣ በመጀመሪያው የጨረቃ ወር፣ ከአዲስ ዓመት ስግደት በኋላ (እ.ኤ.አ. 1986)

ለወንድሜ ልጅ ለሶክቴ፣

አዲሱ ዓመት በአንተ ቤት በቀኝ እግሩ ይግባ። እናትህ ደህና ናቸው። ደህና ናቸው የምልህ የሆነውን እስክነግርህ ነው።

ፖስታህን የከፈትኩት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው። እናትህ የአኩሪ አተር ሾርባ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ወደቀ።

«ምንድን ነው እሱ ዋርሳዬ?»

«የመንግሥት ወረቀት ነው እትዬ።»

«ሁለት ክብ አለበት። ፊደል ባላውቅ ማኅተም የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። አንዱ የእርስዎ ነው። ሌላው የማን ነው?»

«የመንደሩ ሹም።»

«የሹሙ ማኅተም ጋም ያህላል። ይሄ የእኔን ነው የሚያህለው። ያንብቡልኝ።»

«መነጽሬ ጠፍቷል።»

«ግንባርዎ ላይ ነው ያለው።»

አነበብኩላቸው። አልዘለልኩም። ሾርባው ቀዘቀዘ። ባዶ እጃቸውን ግቢውን ተሻገሩ። ከዚያ በኋላ ጭሳቸው ይታያል እንጂ እሳቸው አይታዩም። በአዲስ ዓመት ማዕድ ላይ እንኳ ሩዙን አቅርበው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ከስግደቱ ማግስት ግን ነጭ ለብሰው መጡ። ማኅተማቸውን የሚያኖሩባትን ያቺን የሐር ከረጢትና ቀይ ቀለሙን ይዘዋል።

«ይቀመጡ እትዬ» አልኳቸው።

«አልቀመጥም። ልጅዎን ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዤዋለሁ። አንድ ቀን ይመልሱልኝ ብለውኝ አያውቁም፣ እኔም ልመልስ ብዬ አላውቅም። አሁን ልመልስ።»

«እኔ ለማንም ያዋስኩት ነገር የለም።»

«ግትር።»

«እርስዎስ?»

«እኔስ ግትር ብሆን ባሌን እየጠበቅሁ ነው። እርስዎ ምን ይጠብቃሉ? ሩዝ አሳርሮ የሚበላ ሰውዬ። ዋርሳው ምጣድ ሲፈትግ ማየት ለእኔ ነውር አይደለም?»

ተናደድኩ። ባልናደድ አልለውም ነበር። «እርስዎ ሲያርፉ የሐዘንተኛውን የቃጫ ልብስ ልጅ ሆኖ የሚለብስልዎ ማን ነው?» አልኳቸው።

በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ አልቀመጥም ያሉት ሴትዮ። «ባሌም ቃጫ የለበሰለት የለም» አሉኝ። «እንደ እሱ እሄዳለሁ።» ማኅተማቸውን አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው ወረቀቱን መቱት።

ወረቀቱ አሁን ቁም ሣጥኔ ላይ ነው። የእሳቸው ማኅተም አለበት። የእኔ የለበትም። ስለ ገመዱ የጠየቅኸኝን ዛሬ አልመልስም።

ትንሹ አባትህ ዶክቺል


ቶሮንቶ፣ መጋቢት 1986

ለተከበሩ ለትንሹ አባቴ፣

እጅ እነሳለሁ። ደብዳቤዎን ሱቅ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ አንድ ሰውዬ ወተቱን ይዞ ሳንቲም ዘርግቶ ሲጠብቀኝ አላየሁትም። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። እርስዎ ይንገሩልኝ። የምለውን እርስዎ ያውቃሉ።

አቶ ፒዮ ወረቀቱ ሲመጣ በዚያው ቀን እተረጉመዋለሁ ብለውኛል። ክፍልዎ ዝግጁ ነው፤ እንደለመዱት ወለሉ ላይ ነው የሚተኙት፣ አልጋ አላስገባሁበትም። አንድ ማኅተም ቀረ፣ ትንሹ አባቴ። ራጁንም እባክዎ።

ሶክቴ


ቴሌግራም፣ ነሐሴ 1986

እናትህ አርፈዋል። ፈጥነህ ና። ዶክቺል።


ሶልጎል፣ በዘጠነኛው የጨረቃ ወር፣ ውርጭ ሲጀምር

ለወንድሜ ልጅ ለሶክቴ፣

በደህና ወደ ቤትህ ገብተህ ከሆነ እሰየው። እናትህን አደራ የተቀበለች መሬት ትቅለላቸው።

ደግ አድርገህ ቀብረሃቸዋል። ቃጫውን ለብሰህ፣ በትሩን ይዘህ፣ ከቃሬዛው ኋላ እያለቀስክ ስትሄድ የላይኛው ሰፈር ሽማግሌዎች «የዶክማን ቤት ልጅ አለው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ በደንቡ ከኋላህ ነበርኩ። ጀርባህ ወፍሯል።

ያን ሰሞን አንተ በትልቁ ቤት አደርክ፣ እኔ በቤቴ። እጅ ልትነሳኝ ክፍሌ የገባህ ቀን ቀና ብለህ ቁም ሣጥኑን አየህ። ስታይ አየሁህ። ወረቀቱ ያን ጊዜ እዚያው ነበር። አልጠየቅኸኝም። ሻይህን ጠጣህ፣ ስለ ዶሮዎቹ ጠየቅኸኝ፣ ወጣህ። ብትጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት አደርገው ነበር። ማኅተሜ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ከደረስክበት ቀን ጀምሮ ይዤው ነው የዞርኩት። የእናት ልጅ ሆነህ ነው ያልጠየቅኸኝ፣ ሬሳቸው ሳይቀዘቅዝ። ደግ አደረግህ።

አንተ ከተሳፈርክ በኋላ ሴቶቹ የእናትህን ልብስ ሰብስበው ከወንዙ ዳር አቃጠሉ። ወረቀቱን አጥፌ በሐር ካፖርታቸው እጅጌ ውስጥ ከተትኩት። ከልብሳቸው ጋር ሄዷል። ወንድሜ እዚያ በር ላይ ቆሞ «ማን አለን?» ሲላቸው «መለስኩት» እንዲሉ አልፈለግሁም። «ልጅ አለን፣ ቃጫ ለብሶ ነው የሸኘኝ» ይበሉት። የሐር ከረጢቷን ከነማኅተሟ ገና የሬሳ ሣጥኑ ሳይዘጋ እጃቸው ሥር አድርጌላቸዋለሁ። ሌላ ወረቀት ብትልክ የሚያትመው የለም።

ተቆጣኝ። የላከው ሰው ልክ ነው፣ ያቃጠለውም ልክ ነው ብዬ ራሴን አላጽናናም። አቃጠልኩት፣ ይኸው ነው።

የጓዳውን ክፍል ለልጁ ስጠው። ለእኔ ተብሎ ባዶ አይደር።

ትንሹ አባትህ ዶክቺል


ቶሮንቶ፣ ታኅሣሥ 1986

አባቴ፣

ማመልከቻውን ዘግቻለሁ። አቶ ፒዮ ትርጉሞቹን ሁሉ በአንድ ፖስታ አድርገው መለሱልኝ። በእያንዳንዱ ላይ አጎት ይላል። ሲሰጡኝ «ለመንግሥት የምትጽፈውን እኔ እተረጉመዋለሁ፤ ለቤትህ የምትጽፈውን ግን ማንም አይተረጉምልህ» አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ እንደ ፈለግሁ እጽፋለሁ።

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፤ ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ክፍሉን ለኢንሶ ሰጠሁት። ግድግዳው ላይ ባለ ትልቅ ጆሮውን አያት ለጥፎበታል።

ያን ቀን ገመድ ሲገምዱ ከኋላዎ ቆሜ የጠራሁዎ እኔ ነኝ። አሁንም እየጠራሁ ነው። ቀና ይበሉ።

በበጋ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁን ይዤ እመጣለሁ። የደረትዎን ራጅ አሁን የሚጠይቅዎ መንግሥት የለም። እኔ ነኝ የምጠይቅዎ።

ልጅዎ ሶክቴ


ሶልጎል፣ በመጀመሪያው የጨረቃ ወር፣ በረዶው ሳይቀልጥ (እ.ኤ.አ. 1987)

ለወንድሜ ልጅ ለሶክቴ፣

አዲሱ ዓመት ለአንተ፣ ለሚስትህና ለዚያ ሠዓሊ ይሁንላችሁ። በትልቁ ቤት ብቻዬን ሰግጄ መጣሁ። እሳቱን በየማለዳው አነድለታለሁ፣ ወለሉ እንዳይቀዘቅዝ። አሁን ሁለት ቤት ነው የማነደው።

እንደዚያ ብለህ ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ። ደብዳቤ እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ ሹሙ ቤት ነው የሚያርፈው፣ የሹሙ ሚስት ደግሞ ፖስታ ወደ ብርሃን አቅንታ ታያለች። ታላቅ ወንድሜ ገና በወጉ መቃብር እንኳ የለውም። በደንቡ ጻፍልኝ።

ስለ ገመዱ። ሰምቼሃለሁ። እጄ አልቆመም ያልከው እውነት ነው፣ ቢቆም ሌላ ነገር ያደርግ ነበር። ቀና ብል ኖሮ አቅፌ ወደ ቤት አስገባህ ነበር፣ ትንሿ እናትህ በመስኮት ታይ ነበር። ያን ቀን የገመድኩት ገመድ ተጠማዞ ለምንም አልሆነ፣ ፈትቼ ለከብቶቹ ነሰነስኩት።

የደብዳቤህን የመጀመሪያ መስመር በመቀስ ቆርጬ ከትንሿ እናትህ ማበጠሪያ ጋር በሣጥኗ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የእሷም ድርሻ አለበት። የቀረውን ማንም ቢያነበው ግድ የለኝም።

ራጁን ያለፈው መኸር ተነሥቼው ነበር። የሚላክ ፎቶ አይደለም። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። «ልጅ አለዎት አባባ?» አለኝ። «የወንድሜ ልጅ አለኝ፣ ካናዳ» አልኩት። «ይጥሩት» አለኝ። ይኸው አሁን ብዕር ሳነሣ ነው የነገርኩህ። ጽሕፈቴ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ እንግዲህ አትጠይቀኝ፤ ብዕሩ ግን እውነትም ርካሽ ነው።

በበጋ እመጣለሁ ብለሃል። ሩዙ ሳይተከል ብትመጣ ይሻላል። ልጁም ይምጣ፣ ትምህርቱ አይሸሽም። ጆሮዬን በቅርብ ይየውና አስተካክሎ ይሣለው።

ስትመጣ ደንቡን እንዳትረሳ። ዋናውን የሐዘንተኛ ቃጫ ለብሰህ በትር የያዝከው ለእናትህ ነው፤ የአባትህ የዶክማንም አፅም አንድ ቀን ከተገኘ ለእሱ ነው። ለእኔ የወንድም ልጅ የሚለብሰውን ስስ ጨርቅ ትለብሳለህ። በትር አትይዝም። ከቃሬዛው ኋላ ሳይሆን ከጎን ትሄዳለህ፣ ድምፅህንም ከፍ አታደርግም፤ የላይኛው ሰፈር ሽማግሌዎች ያያሉ። ብታሳፍረኝ ከመቃብር ተነሥቼ እቆጣሃለሁ።

ከውስጥ የምትለብሰውን ግን ማንም አያይም።

በወረቀት ላይ አጎትህ፣
ዶክቺል